የጥፋተኛዋ አልጋ

«ሻዩ ፈልቷል!» ሲሉ አወጁ ወይዘሮ ዘነበች። ጉሮሯቸውን ጠርገው፣ ቀጥ ብለው ቆመው፣ የመንግሥት ለውጥ በሬዲዮ እንደሚያሰማ ሰው።

ማርቲ ከአልጋዋ አልተነሳችም። ልጇ ሞቶ ከተወለደ ሳምንት አልሞላውም። አማቷ ዘነበች ጠያቂ የሚያስተናግዱት እዚሁ መኝታ ቤቷ ውስጥ፣ እግሯ ሥር ነው። እስትንፋስ ላልነበረው ልጅ ለቅሶ የለም ተብላ ማልቀስ ተከልክላለች። እሷን ማማት ግን አልተከለከለም።

«በስድስት ሰዓት ፀሐይ!» አሉ ዘነበች፣ ለጎረቤታቸው ለፋዱማ ስኳር እየጨመሩ። «ታይዋን ገበያ ድረስ! ምን ልትገዛ? የሕፃን ካልሲ! ሳይወለድ ይገዛል?»

«አቦ ዘኔ፣ እንዴት ተደርጎ! ወላሂ አይገዛም» አለች ፋዱማ።

ፋዱማ ታይዋን የሕፃን ልብስ ትሸጣለች። ካልሲውን የሸጠችላትም፣ «ሰማያዊው ያምርበታል» ብላ የመረጠችላትም እሷው ናት። ማርቲ ትክ ብላ አየቻት። ፋዱማ ሻዩዋን ማማሰል ጀመረች።

«ሐኪሙ ደንጌ ነው ብሏል» አለች ማርቲ። «ያ ትኩሳት ነው ልጁን የጎዳው። ቢምቢ ናት ያመጣችብኝ።»

«ሐኪም ደግሞ! አላውቅም ከሚል ቢምቢ ቢል ይቀለዋል» ዘነበች ሳቁ። «እኔ ግቢ ቢምቢ ምን ልትሠራ ትመጣለች? እሷ የምትሄደው ቆሻሻ ቤት ነው።»

«እኛም ጋ የለም» አለች ፋዱማ፣ ቁርጭምጭሚቷን እያከከች።

የባሏ እህት ዝናሽ በሩ አጠገብ ፍራሽ ላይ ተጋድማለች። አራሷን ልትረዳ ነው የመጣችው። የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆነች ግን ሰው የሚረዳው እሷን ሆኗል። «እኔ እንኳን በቀትር ንቅንቅ አልልም» አለች። «ሰው ለልጁ ካሰበ ይጠነቀቃል።»

ማርቲ ሦስቱን ተራ በተራ አየቻቸው። ከመካከላቸው አንዷ፣ አንዷ ብቻ፣ «ጥፋቱ ያንቺ አይደለም» እንድትላት ፈለገች። ከእነዚህ ሰዎች ይህን መፈለጓ ራሱ አናደዳት።

ጧ!

ዝናሽ ክንዷን መታች። መዳፏን ገልጣ አየችና ቶሎ ጨበጠችው። በጣቶቿ መሃል ግን ትንሽ ደም ታየ።

ዘነበች የዝናሽን ሆድ አዩ፣ ብርጭቋቸውን አስቀመጡ። ጫማቸውን አወለቁ። አልጋው ላይ ወጡ፣ የማርቲን እግሮች ተራመዱ፣ ከራሷ በላይ የተሰቀለውን አጎበር ከየማዕዘኑ መፍታት ያዙ።

«ለአንቺ እንግዲህ...» ብለው ጀመሩና አልጨረሱትም።

የመጨረሻው ቋጠሮ ጠበቀባቸው። ማርቲ ተነስታ ፈታችላቸው።