የካፒቴን ግራ ጎማ

ካፒቴን ይሉታል እንጂ ውሃ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ጀልባዋም እንደ ባለቤቷ ናት፤ ከተገዛች ጀምሮ ግቢ ውስጥ ባለሁለት ጎማ ተሳቢዋ ላይ ተቀምጣ ዝናብ ስትጠጣ ከርማለች። «ከእሷ ይልቅ የኔ የልብስ ማጠቢያ ሳፋ ብዙ ውሃ አይቷል» ትላለች ሚስቱ። ካፒቴን መጀመሪያ ይስቃል፣ ከዚያ ይቆጣል።

አሁን ግን ቀልድ የለም። ልጁና ባሏ ለእረፍት መጥተዋል፤ እሁድ ሐይቅ ሊወርዱ ነው። ጀልባዋን የሚጎትተው የአማቹ መኪና ነው። አማቹ ደግሞ ጠንቃቃ ሰው ነው።

«አባባ፣ መንገዱ ቁልቁለት ነው» አለው። «ሁለቱ ጎማዎች እኩል ካልተነፉ አልጎትትም፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

«የጎማውን ነገር ለኔ ተወው!»

በጎማ ነገር እንኳ አይታማም። ብሎኖቹን አጥብቋል፣ ኩሽኔታውን ግሪስ ቀብቷል፣ ፀሐይ ጎናቸውን እንዳይሰነጣጥቀው በሸራ ሸፍኗቸዋል። አዲሱ የአየር መለኪያ ከኪሱ አይለይም። ከቁርስ በፊት ይለካል፣ ከቁርስ በኋላ ይለካል፣ እንግዳ ሲመጣም እያስረዳ ይለካል። መለኪያው «ፍስስ» ሲል ደስ ይለዋል። የቀኙ ጎማ ከአጥሩ ጋር ስለተጣበቀ ለወገቡ አይመቸውም፤ ድካሙ ሁሉ ለግራው ነው።

የሚገርመው ግን የሚጎድለው ግራው ነበር።

ጎሚስታው ውሃ ውስጥ ነክሮ አገላብጦ አየው፤ ቀዳዳ የለውም። ጧት ጧት ደግሞ ከማታው ትንሽ ከፍ ብሎ ይገኛል። ካፒቴን ይህንን «አድሮ ሲያርፍ እንደ ሰው ይበረታል» ብሎ ተረጎመው። ሲመሽ ግን ተመልሶ ይወርዳል። ስለዚህ የሚያስተነፍሰው ሰው አለ ማለት ነው።

ማን? ልብስ ሰፊው ጎረቤቱ። አብረው ያደጉ ናቸው፤ በሁለቱ ግቢ መሃል ያለችው በር ተቆልፋ አታውቅም። ግን ጀልባዋ የመጣች ቀን፣ «መርከብህ መስኮቴን ጋረደብኝ፤ በጨለማ ሱሪ ልሰፋ ነው?» ብሎ ነበር። ያኔ ተሳሳቁ። አሁን ሲያስበው ካፒቴንን ከነከነው።

አርብ ጧት እጅ ከፍንጅ ያዘው። ልብስ ሰፊው ግራው ጎማ ስር አጎንብሷል። ቀና ሲል ላብ በላብ ሆኗል፤ አንድ ነገር ቶሎ ብሎ ጃኬቱ ውስጥ ወሸቀ።

«ምን ትሠራለህ?»

«እ... ምንም። ይልቅ ካፒቴን፣ ያ መለኪያህ...»

«መለኪያዬን አትንካብኝ!»

ልብስ ሰፊው ትንፍሽ ሳይል ወጣ። በዚያ ግቢ የሚተነፍሰው ጎማው ብቻ ሆነ።

«ተው አንተ ሰውዬ» አለች ሚስቱ። «እንዲህ ያለ ጓደኛ በጎማ ይቀየራል?»

አልሰማትም። ምሳ አልበላ ብሎት ዋለ። ሆኖም ሲመሽ የመሃሏን በር በትልቅ ቁልፍ ጠረቀማት። ቅዳሜን ሙሉ ደግሞ ድሉን ለማረጋገጥ ግራውን ጎማ ሲለካ ዋለ።

እሁድ ጧት ሻንጣው ተጫነ፣ ልጁ መኪና ውስጥ ገባች፣ አማቹ ተሳቢውን ሊያያይዝ ወደ ኋላ ዞረ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመ።

«አባባ... ይቺ ጎማኮ መሬት ላይ ተኝታለች።»

ካፒቴን ኪሱን ዳበሰ፤ የመሃሏ በር ቁልፍ አለ። ሮጦ ሄዶ በሯን አየ፤ እንደተጠረቀመች ናት። በማን ሊያሳብብ? በምን ዓይኑ ዞሮ ልጁን እንደሚያያት እያሰበ ሳለ በሯ ከወዲያ በኩል ተንኳኳች።

«ካፒቴን፣ ክፈትልኝ እንጂ!» አለ ልብስ ሰፊው። «ዛሬ መለኪያህ ያስተነፈሰውን ሳልነፋልህ ልትሄድ ነው እንዴ?»