የለመደው እጅ

የትርንጎ መጋረጃ ከፋሲካ ጀምሮ ወንበር ላይ ተጣጥፎ ተቀምጧል፤ ግድግዳውን የሚበሳላት አጥታ። የዘመኑ ትራፓኖ ገመድም ባትሪም የለውም፤ የሚሽከረከረው በያዘው እጅ ሙቀት ነው። ለማያውቀው እጅ ግን ንቅንቅ አይልም። የትራፓኖው ጌታ ማታ ማታ እጁን በሌላው ሰው እጅ ላይ ደርቦ፣ ወር ሙሉ ማስለመድ አለበት።

የትራፓኖውን ጌታ፣ ባሏን ደምሰውን፣ እጇን እንዲያስለምድላት ስንቴ ለምናዋለች። "እኔ እያለሁ አንቺ ምን በወጣሽ!" ይላታል።

ዛሬ እልህ ያዛትና መሰላል ላይ ወጣች። ትራፓኖውን ብትጨብጠው፣ ብታሻሸው፣ ድንጋይ ሆነባት። መሰላሉን ደግፋ ለቆመችው ጎረቤቷ ለአይናዲስ፣ "እንኪ፣ ያዢልኝ" ብላ ቁልቁል አቀበለቻት።

አይናዲስ እጅ ላይ ገና ከማረፉ ጥዝዝ ብሎ ይሾር ጀመር።

"እንዴ! ተበላሽቶ ነው መሰል" አለች አይናዲስ፣ ፊቷ ደም መስሎ።

ትርንጎን አንድ ማታ እንኳ ያልነካት የደምሰው እጅ፣ ወር ሙሉ የማን እጅ ላይ ተደርቦ እንደከረመ ገባት። ቀስ ብላ ወረደች።

"በይ መሰላሉ ላይ ውጪ" አለቻት። "ቀዳዳውን አንቺው ብሺልኝ። ደምሰው ሲገባ ማን እንደበሳው እኔን መጠየቅ አያስፈልገውም።"