ከሥር የሚያንኳኳው

"አሮጌ መኪና መቼም ማቃሰት አያጣውም፣ እትዬ" አላቸው መካኒኩ ባለመኪናዋን፣ መሪውን እንደያዘ፤ የሞተሩ ድምፅ ግን ከንክኖታል።

ሟቹ አለቃው ከመኪና ሥር ተኝተው ሲሠሩ የሚያናግሩት በመፍቻ ነበር። ሁለቴ ካንኳኩ "ነዳጅ ስጥ"፣ አንዴ ካንኳኩ "አጥፋ"፣ ሦስቴ ካንኳኩ "ቶሎ አውጣኝ" ማለታቸው ነው። ክሪኩ የተንሸራተተ ቀን መካኒኩ ሬዲዮ ከፍቶ ስለነበር ሦስቱን አልሰማም።

አሁን ሞተሩ ሁለቴ አንኳኳ፤ እግሩ ሳያስበው ነዳጅ ረገጠ። አንዴ አንኳኳ፤ እጁ ቁልፉን አዞረና ሞተሩ ጠፋ።

ጋራዡ ጭር አለ። ከሥር ሦስቴ ተንኳኳ።

"ከሥር ሰው አለ እንዴ?" አሉ ባለመኪናዋ ወደ ኋላ እያፈገፈጉ።

"መጣሁ፣ ጋሼ" አለ መካኒኩ፤ ወርዶም ተንበረከከ።