መሰላሉን የወረደው ሰው

ልብስ ሰፊው የጠዋቱን ጉዞ ሲያወራ ተራራው በየዓረፍተ ነገሩ ከፍ ይል ነበር። «ፊተኛው ጎማ እርጥብ ሥር ላይ ተንሸራተተ፤ እኔ ደግሞ ከኮርቻው ተነስቼ...» እያለ ከተቀመጠበት ሣጥን ብድግ አለ። ቅልጥሙ ላይ የደረቀው ጭቃ ወለሉ ላይ ተራገፈ። ሦስቱ አድማጮቹ ሳቁ።

እሑድ እሑድ ከተራራ ሲመለሱ በብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ ተሰብስበው በየተራ የሳምንቱን መንገድ ያወራሉ። ደንባቸው አንድ ነው፤ የሚያወራን ሰው «እውነትህን ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር ነው። ትንሽ ጨው ያልተነሰነሰበትን ወሬ ማን ይሰማል?

አናጺው ተራውን እየጠበቀ ነበር፤ ምንም እንኳን ባለፈው እሑድ ያተረፈው ዝና ገና ባይበርድለትም። «መሰላል» የሚሉት ቁልቁለት አለ። ድንጋዩ ደረጃ በደረጃ የተቆረጠ፣ በግራ በኩል ገደል የሆነ፣ ከመካከላቸው አንድም ሰው ነድቶ ወርዶት የማያውቅ። እሱ ወርጄዋለሁ አለ። ጭብጨባው ሲሞቅ ጊዜ ደግሞ «ምስጢሩ ፍሬን አለመያዝ ነው» ብሎ ጨመረበት። «ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ሁለቱንም ልቀቁ። የያዘ ይገለበጣል!» ይህቺን ከየት እንዳመጣት እሱም አያውቅም፤ አፉ ላይ መጣችለት፣ ተናገራት።

እውነቱን የሚያውቁት እሱና ብስክሌቱ ብቻ ናቸው። ጫፉ ላይ ቆሞ ቁልቁል ሲያይ ፈራ፤ ብስክሌቱን ተሸክሞ፣ ሲብስበትም በቂጡ እየተንሸራተተ ወረደ። ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይባላል። ሳምንቱን ሙሉ ለእሱም ቀሎት ነበር።

«እህትህስ ዛሬ ምነው ቀረች?» አለ ጠጋኙ፣ ሰንሰለት ዘይት እየቀባ።

«ተረኛ ናት፤ ሆስፒታል ነው ያለችው» አለ አናጺው። ታናሽ እህቱ ነርስ ናት። ብስክሌት ያስተማራት እሱ ነው፤ ከኋላ ኮርቻውን ይዞ እየሮጠ።

«ኧረ እቴ፣ ምን ተረኛ!» አለ መምህሩ። «ተራዋን ቀይራለች። ቅድም መንገድ ላይ አገኘኋትና ‹መሰላሉን ልወርደው ነው፤ ለወንድምጋሼ እንዳትነግረው፣ ስመለስ ራሴ አስደንቀዋለሁ› ብላ አስማለችኝ። ይኸው፣ ሆዴ ወሬ አይችል!»

«ብቻዋን?»

«ብቻዋን። ያልካትን አንድ በአንድ በቃሏ ይዛዋለች። ሦስተኛው ድንጋይ ላይ ሁለቱንም መልቀቅ።»

ካፍ ከወጣ አፋፍ። አናጺው ስልኩን አውጥቶ ወደ እህቱ ደወለ። ሦስተኛው ድንጋይ ወደ ግራ እንደሚያዘነብል በዓይኑ አይቷል። ተጭኖ ፍሬን ያልያዘ ሰው ቀጥታ ወደ ገደሉ ነው የሚሄደው።

ጠራ፣ ጠራ፣ ተቋረጠ። ደገመው። አሁንም አላነሳችም።

«ምን እንዲህ አስጨነቀህ?» አለ ልብስ ሰፊው። «አንተ ወርደኸው የለም እንዴ?»

አናጺው ለሦስተኛ ጊዜ ደወለ።

«ወንድምጋሼ!» ነፋስ ድምፅዋን ይቆራርጠዋል። «መምህሩ ነገረህ አይደል? ጫፉ ላይ ነኝ፤ ልነሳ ስል ነው የደወልከው።»

«ቆይ! አትውረጂ!»

«ለምን?»

ጠጋኙ ሰንሰለቱን አስቀመጠ። አናጺው የሦስቱን ፊት አየና ዓይኑን ወለሉ ላይ ተከለ።

«ድንጋዩ እርጥብ ነው።»

«ደረቅ ነው፤ ዳብሼዋለሁ።»

«እሺ፣ ነገ አብረን እንሄዳለን። እኔ ከፊት እሆንልሻለሁ።»

«አንተ ስትወርድ እኔን ጠበቅኸኝ?» ሳቀች፤ ሳቋ ግን የግድ ይመስል ነበር። «በቃ ቻው፣ ልዝጋው።»

«አልወረድኩትም!»

ጮኾ እንደተናገረው የገባው ቃሉ ሱቁን ሲሞላው ነው። ጆሮው ድረስ ጋለ። «አልወረድኩትም፣ እህቴ። ብስክሌቱን ተሸክሜ፣ በቂጤ ነው የወረድኩት። የፍሬኑንም ነገር እዚሁ ተቀምጬ የፈጠርኩት ነው። ከለቀቅሽ ትሞቻለሽ።»

ማንም አልሳቀም። ከስልኩ የሚሰማው ነፋሱ ብቻ ነው።

«አለሽ? እህትዓለም፣ አለሽ ወይ?»

አናጺው ስልኩን ጆሮው ላይ አጥብቆ ተጫነው፤ የሆነ ነገር ሲወድቅ እንዳይሰማ ፈርቶ፣ እንዳያመልጠውም ፈርቶ።

«ሦስቴ ተነሳሁ» አለች በመጨረሻ። «ሦስቴም ቆምኩ። ግማሽ ሰዓት ሆኖኛል። ወንድምጋሼ የቻለው እኔን ለምን አቃተኝ እያልኩ፣ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብዬ ሳለቅስ ነው ስልኬን ያላነሳሁት።»

«በቃ፣ ተመለሽ» አለ አናጺው።

«በመጣሁበት እየገፋሁት ልመለስ ነው» አለች። «ግን እንዳትዘጋው። እግሬ እየተንቀጠቀጠ ነው።»

«አልዘጋም።»

ስልኩን ድምፁ ለሁሉም እንዲሰማ አድርጎ በሁለት እጁ ያዘው። መጀመሪያ ጠጠር ሲረገጥ ተሰማ። ቀጥሎ የሚገፋ ብስክሌት የኋላ ጎማ፣ በሰው እርምጃ ልክ፣ ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አራቱም ጎንበስ ብለው፣ ያ ድምፅ ባቆመ ቁጥር ትንፋሻቸውን እየያዙ ያዳምጡ ጀመር።