የውስጡ መቀርቀሪያ

ፀጉር ሠሪዋ ስትወጣም ሆነ ስትገባ በሯን ቆልፋ እጀታውን ጎተት ጎተት ካላደረገች ልቧ አያርፍም። ያም ሆኖ ጠዋት ጠዋት «ቆልፌው ይሆን?» እያለች ከመንገድ ትመለሳለች።

ወንድሟ ይሄ ነገር ሰለቸውና የክብሪት ቀፎ የሚያክሉ ሁለት ሴንሰሮች ገዝቶ መጣ። አንዱን በዋናው ቁልፍ፣ ሌላውን በውስጡ መቀርቀሪያ ላይ ለጠፈላት።

«እነዚህ አይቆልፉም፣ አይከፍቱም። ያዩትን በስልክሽ ይነግሩሻል፣ በቃ።»

«የውስጡ ደግሞ ምን ይሠራልኛል? ብቻዬን ለምኖር ሴት፣ እኔ ውጭ ሆኜ ማን ሊዘጋው?»

«ተርፎኝ ነው ባክሽ!»

ለጥቂት ቀናት እፎይ አለች። አንድ ቀን ረፋድ ላይ ግን የደንበኛ ፀጉር እያጠበች ስልኳ ጮኸ። አረፋ በነካው ጣቷ ከፈተችው።

«የውስጥ መቀርቀሪያ ተዘግቷል።»

ደውላ ስትነግረው ወንድሟ ሳቀባት። «ሴንሰሩ ተላቆ ወድቆ ነዋ! አይዞሽ፣ ምሳ ሰዓት ላይ አብረን እናየዋለን።»

በር ላይ ተገናኙ። ወንድሟ እየቀለደ ቁልፉን አዞረው፤ ቀጭ አለ። በሩ ግን ንቅንቅ አላለም። በትከሻው ገፋው። ቀልዱ አፉ ላይ ቀረ።

«ማነው ቤት ውስጥ ያለው?» አላት፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ማን ይኖራል ብለህ ነው?»

ይሄኔ ማንም ያልነካው እጀታ ዝቅ አለ። በሩ ከወዲያ በኩል ጎተት ጎተት ተደረገ፤ ሊከፈት አይደለም፣ መዘጋቱን ለማረጋገጥ ነው እንጂ፤ ልክ እሷ ማታ ማታ እንደምታደርገው።