የታሰረው ፌስታል

ከቤይሩት የተነሣው አውሮፕላን ደመናውን እንዳለፈ፣ የሰነበተ ካልሲ የመሰለ ሽታ ከፊት እስከ ኋላ አዳረሰው። ተሳፋሪው እየሳለ ዓይኑን ያሽ ጀመር። ሆስተሷ እርጥብ ፎጣ እያደለች መሀል ላይ ስትደርስ፣ አንድ ሰውዬ አጠገቡ ወደተቀመጡት እናት በአገጩ ጠቆመ።

«ከሳቸው ፌስታል ነው የሚሸተው። እባክሽ አንሺልን።»

እናትየው ፎጣውን ተቀበሉ፤ አፍንጫቸው ላይ ግን አላደረጉትም። ጭናቸው ላይ ያለውን ጥብቅ ተደርጎ የታሰረ ፌስታል ሸፈኑበት።

«እናቴ፣ ምን ይዘው ነው?»

«የልጄን ቀሚስ።»

«የታጠበ ነው?»

«አልታጠበም። እንዳትከፍችው፣ የኔ ልጅ።»

ሆስተሷን የሰዉ ሳል አጣደፋት። ፌስታሉን ወስዳ ቋጠሮውን ፈታች፤ ቀሚሱን ዘርግታ አሸተተችው። ትንሽ ላብ፣ ትንሽ የፀጉር ቅባት፤ ሌላ ምንም የለውም። ይኼኔ ካፒቴኑ የሞተር ዘይት ጭስ ወደ ውስጥ እንደገባና ወደ ቤይሩት እየተመለሱ እንደሆነ ተናገረ።

ሆስተሷ አፈረች። ቀሚሱን አጣጥፋ መለሰችላቸው።

«ይቅርታ፣ እናቴ። አገር ቤት ሲገቡ ያጥቡታል።»

«ሬሳዋን እንኳ አላሳዩኝም» አሉ እናትየው ቀስ ብለው። «ቀብረዋት ነው የደረስኩት። ያገኘሁት ሽታዋን ነው።»

ቀሚሱን ፊታቸው ላይ አደረጉት። አንገትጌውን አሸተቱ፤ ብብቱን አሸተቱ፤ እንደገና ወደ አንገትጌው ተመለሱ። ብዙ ቆይተው ቀና አሉ።

«አሁንማ አውሮፕላን አውሮፕላን ነው የሚሸተው» አሏት።