ለጥናት ነው

እናኑን አምስት ዓመት ሙሉ እንደ እሾህ ሲወጋት የኖረው አንድ ቃል ነው። ልጇ ሙሉሰው ከሳንጃ ሰሊጥ አጨዳ ካላዛር የሚሉት በሽታ ይዞት ተመልሶ፣ ሆዱ ተነፍቶ፣ ትኩሳቱ አልበርድ ብሎ ጎንደር ሆስፒታል ሲያጣጥር፣ ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ብልቃጥ ይዞ መጣ። "ደሙ ለጥናት ነው እናቴ፤ እዚህ ላይ ያትሙልኝ" አላት። እናኑ የምታውቀው ጥናት ለቅሶ ቤት "ጥናቱን ይስጥሽ" የሚባለውን ነው። ልጄን ሊያጠኑልኝ፣ ጉልበት ሊሰጡት ነው ብላ አውራ ጣቷን አተመች። በሦስተኛው ቀን ቀበረችው።

ዛሬም ከትክል ድንጋይ በመጀመሪያው ሚኒባስ ጎንደር ገብታ ደሙ የተቀመጠበት ላቦራቶሪ ደጃፍ ላይ ተቀመጠች።

"በዚህ አመላለስሽ ዲግሪ ሳይሰጡሽ አይቀሩም" አላት ዘበኛው ፋንታሁን።

"አንተ በር ላይ ቆመህ ያልተሰጠህን? ሂድ፣ ደሙ ምን አለ ትላለች በላቸው። ሳይነግሩኝ አልነሣም።"

ዳግማዊት የምትባል ወጣት ተመራማሪ ወጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"እናቴ፣ ደማችን ውስጥ ዘብ አለ።"

"እንደ ፋንታሁን?"

"የማይተኛ። በያንዳንዱ ዘብ ውስጥ 'ጩህ' የሚል ጽሑፍ እንደ ክታብ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ጠላት ሲገባ ጽሑፉ ይፈታል፤ ዘቡ ይጮሃል፤ ጩኸቱን የሰማው ሁሉ ይወጣል። ገላችን የሚግለው ያኔ ነው። ጠላት ሲሞት ጽሑፉ ተመልሶ መጠቅለል አለበት።"

"የልጄስ?"

"አልተጠቀለለም። መድኃኒቱ ተውሳኩን ገድሎት ነበር። ዘቦቹ ግን ዝም አላሉም። የገዛ ሰውነቱን አቃጠሉት።"

እናኑ የነጠላዋን ጫፍ ነከሰች። "እሳቱን አውጪልኝ" እያለ ነበር የሞተው። እሷ ውሃ ስታፈስበት፣ ሌላ የምታደርገው ስታጣ።

"ምነው ታዲያ አልጠቀለሉትም?"

"እሱን ነው የምንፈልገው። እንዲህ ሆነው ከሞቱት መካከል ደሙ የቀረን የእሱ ብቻ ነው። ዛሬም ከሰሊጥ አጨዳ የመጡ ስድስት ልጆች በዚሁ በሽታ ተኝተውብናል።"

"ለጥናት ነው ብላችሁኝ! እኔ እኮ ይጠናልኛል ብዬ ነው ጣቴን የሰጠሁ!"

ዳግማዊት ነገሩ ዘግይቶ ገባት።

"አልፈቅድም ካሉ መብትዎ ነው። ይጣላል።"

"ይጣላል? ጉድፍ አደረግሽው? አሳዪኝ።"

ዳግማዊት ገብታ ጓንት ባጠለቀ እጇ ጣት የምታህል ብልቃጥ ይዛ ተመለሰች። ብልቃጧ በውርጭ ነጥታለች። ስሙ የለባትም፤ ቁጥር ብቻ።

"ደሙ ከቀለጠ ለምርመራ አይሆንም። አሁኑኑ እመልሰዋለሁ።"

እናኑ እጇን ዘርግታ ወሰደችውና መዳፏን ጨበጠች።

"እናቴ! ይቀልጣል! ልጆቹ..."

"ሰምቻለሁ። የሰው ልጆች ናቸው፤ ማርያም ትማራቸው።" ብርዱ እንደ ፍም ፈጃት። አጥብቃ ያዘችው። "ይኸኛው የእኔ ነው። አምስት ዓመት በርዶታል።"

ዳግማዊት እጇን ሰደድ አድርጋ መልሳ ሰበሰበችው። በእናኑ ጣቶች መካከል ውርጩ ውሃ ሆኖ መንጠባጠብ ጀመረ።